የሟች ወላጅን የኢሚግሬሽን ፋይል ከአሜሪካ መንግሥት ማውጣት፦ ደረጃ በደረጃ

«አባቴ አርፏል። ከሱዳን ሲመጣ ምን ብሎ እንደተመዘገበ፣ የእናቱን ስም ማን ብሎ እንደጻፈ የሚነግረን ሰው የለም። ፋይሉ ይገኛል ወይ?»

ይህን ጥያቄ ለቅሶ ቤትም ሠርግ ላይም እጠየቃለሁ። በቴሌግራም የሚመጣውማ አያልቅም። አንዴ በወጉ ልጻፈውና ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህን ልላክ ብዬ ነው።

አጭሩ መልስ፦ ይገኛል። ጠበቃ መቅጠር አያስፈልግም፤ አብዛኛውን ጊዜ ክፍያም የለውም። ግን ስምና የልደት ቀን ላይ ካልተጠነቀቃችሁ ፋይሉ እያለ «አላገኘንም» የሚል ደብዳቤ ሊደርሳችሁ ይችላል። ደረጃ 2ን ረዘም ያደረግሁት ለዚህ ነው።

መመሪያው አሜሪካ ገብቶ ለኖረና አሁን በሕይወት ለሌለ ወላጅ ወይም አያት ነው። በሕይወት ላለ ሰው የሚለየውን በየቦታው እጠቅሳለሁ። ዓመቶቹ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በስተቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የምትጠይቁት ፋይል ምንድን ነው?

ኤ-ፋይል ይባላል። የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ከ1944 ጀምሮ ለስደተኛና ለቋሚ ነዋሪ የሚከፍተው የግል ፋይል ነው። በፋይሉ ላይ ያለው ቁጥር ኤ-ነምበር ነው፤ ሰውዬው ዜጋ ከሆነ በኋላም አይለወጥም። ፋይሎቹን የሚይዘው ዩኤስሲአይኤስ፣ ማለትም የአሜሪካ የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት መሥሪያ ቤት ነው። ብዙዎቹ የሚቀመጡት ሚዙሪ፣ ሊስ ሰሚት ውስጥ ከመሬት በታች፣ የኖራ ድንጋይ ተፈልፍሎ በተሠራ መጋዘን ነው። ጥያቄ ሲመጣ ወረቀቱ ይወጣል፣ ስካን ይደረጋል፣ ለእናንተ በፒዲኤፍ ይላካል።

ውስጡ ያለው በአመጣጥ ይለያያል። በ1980ዎቹ ከገዳሪፍ ወይም ከካርቱም በስደተኝነት የመጣ ሰው የስደተኛ መመዝገቢያ ቅጽ ይኖረዋል፤ ቁጥሩ አይ-590 ነው። የቤተሰብ ዝርዝርና ፎቶ አለው። በዲቪ የመጣ ከሆነ የቪዛ ማመልከቻው፣ የልደት ወረቀቱና ትርጉሙ ይገኛል። በቤተሰብ የመጣ ከሆነ ዝምድናውን ለማስረዳት የቀረበው ማስረጃ ሁሉ አለ። ዜግነት ከወሰደ ደግሞ የዜግነት ማመልከቻው ላይ ትዳሩ፣ ልጆቹና የኖረባቸው አድራሻዎች ተዘርዝረዋል።

ከሁሉም በላይ ጂ-325 የሚባለውን ቅጽ ፈልጉ። የአባትና የእናት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ከአሜሪካ ውጭ የመጨረሻው አድራሻ፣ የአምስት ዓመት ሥራና መኖሪያ ይጠይቃል። ከታች በኩል ደግሞ «የአገርህ ፊደል የላቲን ካልሆነ ስምህን በራስህ ፊደል ጻፍ» የምትል ቦታ አለች። አባታችሁ ቅጹን ሞልቶ ከሆነ በገዛ እጁ፣ በአማርኛ የጻፈው ስሙ እዚያ ላይ ሊኖር ይችላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ አገር አቀፍ የልደትና የሞት ምዝገባ በአዋጅ 760/2004 መሠረት ሥራ የጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በ1930ዎቹ ወይም በ40ዎቹ ዓ.ም. ገጠር ለተወለደ ሰው የወላጆቹ ስም የሰፈረበት ብቸኛው ወረቀት ይኸው የአሜሪካ ፋይል የሚሆንበት ጊዜ አለ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- የሰውዬው ሙሉ ስም፣ በላቲን ፊደል የተጻፈባቸው መልኮች ሁሉ
- የልደት ቀንና ቦታ (የተለያዩ ቀኖች ካሉ ሁሉም)
- ኤ-ነምበር፣ ከተገኘ
- አሜሪካ የገባበት ግምታዊ ዓመት፣ የገባበት ከተማ፣ ያለፈበት አገር
- የሞት ማስረጃ (ኢትዮጵያ ውስጥ የተሰጠ ከሆነ ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር)
- የራሳችሁ መታወቂያና የምትከታተሉት ኢሜይል
- ስካነር ወይም ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ
- ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ቤታችሁን ፈትሹ

ኤ-ነምበር ካላችሁ ሥራው በግማሽ ይቀላል። ፍለጋው የሚሄደው በቁጥር ስለሆነ የስም አጻጻፍ ብዙም አያስቸግራችሁም። ቁጥሩ ግሪን ካርድ ላይ፣ የሥራ ፈቃድ ላይ፣ ከኢሚግሬሽን የመጡ ደብዳቤዎች ላይና የዜግነት ሰርቲፊኬት ላይ ይገኛል።

ማስጠንቀቂያ፦ ዜግነት ሰርቲፊኬት ላይ ከላይ በቀይ የታተመው ቁጥር ኤ-ነምበር አይደለም፤ የሰርቲፊኬቱ መለያ ነው። ኤ-ነምበሩ የተመዝጋቢ ቁጥር በሚለው ስር፣ «ኤ» ከሚለው ፊደል ቀጥሎ ነው። ስምንት አሃዝ ብቻ ከሆነ ከፊቱ ዜሮ ጨምራችሁ ዘጠኝ አድርጉት።

የት ይፈለግ? በአልጋ ስር ያለው ሻንጣ፣ የእናት ቦርሳ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ገጾች መሃል። ከሱዳን የመጡ ሰዎች ሲገቡ የተሰጣቸውን ነጭ ካርድ ፓስፖርት ወይም የጉዞ ወረቀት ላይ በሽቦ ተመትቶ ታገኙታላችሁ። አይ-94 ነው፤ እሱም ላይ ኤ-ነምበር ሊኖር ይችላል። ሽቦውን አትንቀሉት፣ እንዳለ ፎቶ አንሱት።

ደረጃ 2፦ የስምና የቀን ዝርዝር ሥሩ

ቁጥር ካልተገኘ ፍለጋው የሚሄደው በስም፣ በልደት ቀንና በትውልድ አገር ነው። የኛ ሰው የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። አንድ ወረቀት ያዙና የሚከተለውን ሥሩ።

ሀ. የስም ቅደም ተከተል። አሜሪካኖቹ «የቤተሰብ ስም» ሲሉ አንዱ የአባቱን ስም ይሰጣል፣ ሌላው የአያቱን። ሁለት ወንድማማቾች በተለያየ ዓመት መጥተው በሁለት የተለያየ የቤተሰብ ስም ተመዝግበው ይገኛሉ። ስለዚህ ሦስቱንም ጻፉ፦ የራስ ስምና የአባት፣ የራስ ስምና የአያት፣ ሦስቱም አንድ ላይ። ለሴት ደግሞ የባል ስም የተወሰደበትን ጨምሩ። አልፎ አልፎ አንድ ስም ብቻ የተመዘገበለት ሰው አለ፤ ያኔ በመጀመሪያ ስሙ ቦታ «ኤፍ-ኤን-ዩ» የሚል ይገባል፣ «ስም አይታወቅም» ለማለት ነው። አባታችሁ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ያለው አንድ ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ነው የሚገኘው።

ለ. የላቲን አጻጻፍ። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ የሚጀምሩ ስሞች ተያይዘውም ተለያይተውም ይጻፋሉ። ተለያይተው ከተጻፉ ኮምፒዩተሩ «ገብረ»ን የመጀመሪያ ስም፣ «መድኅን»ን የመሃል ስም አድርጎ ይይዘዋል፤ አባትየው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ጸ እና ፀ በቲ-ኤስም በኤስ ብቻም ይጻፋሉ። ቀ በኬም በኪውም ይጻፋል። ኃ፣ ሐ እና ኅ አንዳንዴ ኤች አላቸው፣ አንዳንዴ የላቸውም። ኘ በኤን-ዋይ፣ በኤን-አይ፣ በኤን ብቻ ይመጣል። ሁሉን መደርደር አያስፈልግም፤ በሚታወቁ ወረቀቶች ላይ ያገኛችኋቸውንና በጣም የሚመስላችሁን ሦስት አራት መልክ በቂ ነው።

ሐ. የልደት ቀን። በምሳሌ ላሳይ። አንድ ሰው ጥር 8 ቀን 1945 ዓ.ም. ተወለደ እንበል። በትክክል ሲቀየር ጃንዋሪ 16፣ 1953 ነው። ግን ፋይሉ ውስጥ ከአራት በአንዱ መልክ ልታገኙት ትችላላችሁ፦

- ጃንዋሪ 16፣ 1953፦ በትክክል የተቀየረ
- ጃንዋሪ 8፣ 1945፦ ወሩ በስም ተተርጉሞ፣ ቀኑና ዓመቱ ሳይቀየሩ የቀሩ
- ኦገስት 5፣ 1945፦ ጥር አምስተኛው ወር ስለሆነ 8/5/1945 ተብሎ የተጻፈውን አሜሪካዊው ወርን አስቀድሞ ያነበበው
- ጃንዋሪ 1፣ 1953፦ ቀኑን የሚያውቅ ጠፍቶ ዓመቱ ብቻ የተያዘ

ስትቀይሩ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ባለው ጊዜ 7 ዓመት፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት መደመር ነው። ጃንዋሪ 1 የተወለዱ ሰዎች ቤታችሁ ውስጥ ከበዙ አትደነቁ።

መ. የቦታ ስም። አዳማ በፋይሉ ላይ ናዝሬት፣ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት ሆና ትመጣለች። በድሮዎቹ ወረቀቶች ላይ ክልል የለም፤ ሸዋ፣ ወሎ፣ ሐረርጌ፣ ኢሉባቦር ነው የምታገኙት። አስመራ የተወለደ ሰው ከ1993 በፊት ገብቶ ከሆነ አገሩ ኢትዮጵያ ተብሎ ይኖራል። የዜግነት አገር የሚለውን ስትሞሉ የአሁኑን ሳይሆን ያኔ የነበረውን አስቡ።

ደረጃ 3፦ የሞት ማስረጃ ወይም ፈቃድ አዘጋጁ

የግል ፋይል ለሌላ ሰው የማይሰጠው በሕይወት ያለን ሰው ገመና ለመጠበቅ ነው። ሰውዬው ማረፉን ካሳያችሁ ዋናው እንቅፋት ይነሳል። የሞት ሰርቲፊኬት ከሁሉ ይሻላል፤ የታተመ የሕይወት ታሪክና የሞት ማስታወቂያም ተቀባይነት አለው። ሰውዬው ከተወለደ 100 ዓመት ካለፈው የሞት ማስረጃ አያስፈልግም።

አገር ቤት ሄደው ያረፉ ወላጆች ብዙ ናቸው። ከወረዳው የሞት የምስክር ወረቀት አስወጡና ሙሉውን በእንግሊዝኛ አስተርጉሙ። ተርጓሚው ሁለቱን ቋንቋዎች እንደሚችልና ትርጉሙ ትክክል መሆኑን ጽፎ መፈረም አለበት። ማህተሙንም ጭምር ያስተርጉም፤ «ክብ ማህተም፣ የወረዳው ስም» ብሎ። ወረዳው የሚያስተናግደው ሰው ከሌላችሁ ውክልና ያስፈልጋል፦ ቆንስላ ይሠራል፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ይህ ጊዜ ስለሚበላ ከሁሉ በፊት ጀምሩት።

ሰውዬው በሕይወት ካለ ነገሩ ሌላ ነው። እናታችሁ ካለች በእሷ ስም አካውንት ከፍታችሁላት እሷው ብትጠይቅ ይሻላል፤ ለራስ ፋይል አሠራሩ አጭር ነው። እናንተ የምትጠይቁላት ከሆነ የእሷ ፊርማ በኖተሪ ፊት ወይም «ሐሰት ቢሆን በሕግ እጠየቃለሁ» በሚለው ቃል የተረጋገጠ መሆን አለበት።

ማስጠንቀቂያ፦ በሕይወት ያለው ሰው ጉዳዩ ያላለቀ ከሆነ፣ ወይም ከአገር ይውጣ የሚል የቆየ ትእዛዝ ካለበት፣ ፋይል ከመጠየቁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

ደረጃ 4፦ ጥያቄውን አስገቡ

ጥያቄው የሚቀርበው የመረጃ ነፃነት ሕግ በሚባለው ነው፤ በአጭሩ ፎያ ይሉታል። ከ1967 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለ ሕግ ነው። ዜጋ መሆን አይጠይቅም። አዲስ አበባ ሆናችሁም መጠየቅ ትችላላችሁ።

ወደ ዩኤስሲአይኤስ ድረ ገጽ ሂዱና የፎያ ገጹን ክፈቱ። አድራሻው መጨረሻው «ዶት ጎቭ» መሆኑን እዩ። ተመሳሳይ መልክ ያላቸው፣ ለቅጹ ገንዘብ የሚጠይቁ የግል ገጾች አሉ፤ ውጡ። አካውንት መክፈትም ሆነ ጥያቄ ማስገባት ነፃ ነው። ሕጉ ለፍለጋና ለቅጂ ክፍያ ይፈቅዳል፤ እስከ 25 ዶላር ለመክፈል እንደተስማማችሁ ይቆጠራል። ለአንድ ሰው ፋይል ግን ይህን ሲጠየቅ ያየሁት ሰው የለም።

ቅጹ ላይ ሟችን የሚመለከተውን ምርጫ ያዙ። ዋናውን ስምና ቀን በየቦታው ሙሉ። ከዚያ ሌሎች ስሞች በሚለው ስር የደረጃ 2 ዝርዝራችሁን አስገቡ። የወላጆቹ ስም የሚጠየቅበትን አትዝለሉት፤ ሁለት «ተስፋዬ ከበደ» በአንድ ዓመት ሲገኝ ፈላጊው የሚለየው በእሱ ነው።

የምትፈልጉትን የምትገልጹበት ሳጥን ላይ እነዚህን በእንግሊዝኛ፣ በአጭር ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ፦ ሙሉውን ኤ-ፋይል እንደምትፈልጉ፤ የሟቹ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ መሆናችሁን፤ የገባበትን ዓመትና አገር፤ የልደት ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተመዝግቦ ሊሆን እንደሚችልና ሌሎቹን አማራጭ ቀኖች፤ ፎቶዎቹ በቀለም ስካን እንዲደረጉ። የመጨረሻው ሁልጊዜ አይፈጸምም፣ ግን መጠየቅ ነው።

ሙሉውን ወይስ የተወሰነ ገጽ? አንድ የተወሰነ ሰነድ ብቻ ከጠየቃችሁ ጥያቄው ቀለል ባለው መስመር ይሄዳል፣ ይፈጥናልም። ሙሉ ፋይል በረጅሙ መስመር ነው። ለቤተሰብ ታሪክ ከሆነ ግን ሙሉውን ጠይቁ። ምን እንዳለ ሳታውቁ «እገሌ የሚባለውን ቅጽ ስጡኝ» ብትሉ ያንን ብቻ ታገኛላችሁ፤ ደብዳቤዎቹ፣ ቃለ መሐላዎቹ፣ ከአገር ቤት የመጡት ወረቀቶች እዚያው ይቀራሉ።

የሞት ማስረጃውን አያይዙና ላኩ። በ«ኤን-አር-ሲ» የሚጀምር የመከታተያ ቁጥር ይሰጣችኋል። ስልካችሁ ላይ ብቻ አታስቀምጡት፤ ወረቀት ላይም ጻፉት።

ደረጃ 5፦ ጠብቁ፣ ግን አትድገሙት

ሕጉ መልስ በ20 የሥራ ቀን ውስጥ ይላል። ልዩ ምክንያት ሲኖር 10 የሥራ ቀን ይጨምራል። በተግባር ከዚህም ሊረዝም ይችላል። የዘገየ መስሏችሁ ሁለተኛ ጥያቄ አታስገቡ፤ ተመሳሳይ ጥያቄ ሁለቱንም ያጓትታል። በየሳምንቱ አካውንታችሁን እዩ። ማብራሪያ ከጠየቋችሁ የመልስ ቀን ገደብ አለው፤ ካለፈ ጉዳዩ ይዘጋል። ኢሜይላችሁ ስፓም ውስጥ እየገባ እንዳይሆን አረጋግጡ።

ደረጃ 6፦ የመጣውን አንብቡ

ፋይሉ ሲመጣ መጀመሪያ አውርዱት። አካውንቱ ውስጥ ይቆይልኛል ብላችሁ አትተዉት።

ጥቁር ወይም ነጭ ሆነው የተሸፈኑ ቦታዎች ታያላችሁ። ከጎናቸው ኮድ አለ። «ቢ6» እና «ቢ7ሲ» የሌላ ሰው ገመና ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት ያሉ ዘመዶች። «ቢ7ኢ» የምርመራ ዘዴ ነው። «ቢ5» የመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ምክክር ነው። ሌላ መሥሪያ ቤት ያዘጋጃቸው ገጾች ደግሞ ወደዚያው መመራታቸውን ደብዳቤው ይነግራችኋል፤ መልሱ ከዚያ ለብቻው ይመጣል። ስለዚህ «የቪዛው ገጾች ጎደሉ» ከማለታችሁ በፊት ደብዳቤውን ሙሉ አንብቡ።

ይግባኝ አለ፣ ነፃ ነው። ከመልሱ ደብዳቤ ቀን ጀምሮ 90 የሥራ ቀን አላችሁ። ሁለት ጥሩ ምክንያቶች አሉ። አንዱ፣ የተሸፈነው ሰውም አርፎ ከሆነ፦ የአያታችሁ ስም ተሸፍኖ ከመጣና የሞት ማስረጃዋ ካላችሁ እሱን አያይዛችሁ ይግባኝ በሉ። ሁለተኛው፣ «አልተገኘም» ከተባለ፦ ፍለጋው በቂ አልነበረም ብላችሁ ያልተሞከሩትን ስሞችና ቀኖች ዘርዝሩ። ይግባኙም ካልሠራ የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የመንግሥት መረጃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት በነፃ ያሸማግላል።

ማስጠንቀቂያ፦ በፎያ የመጣ ቅጂ የዜግነት ሰርቲፊኬትን አይተካም። ምትክ ሰርቲፊኬት የራሱ ቅጽ አለው፣ ኤን-565፤ ክፍያም አለው፤ ለባለቤቱ ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ በሌሎቹ በሮችም አንኳኩ

ኤ-ፋይሉ ቢጠፋም ባይጠፋም እነዚህ ይጨምሩላችኋል።

የሶሻል ሴኩሪቲ ማመልከቻ። ኤስኤስ-5 ይባላል። ሰውዬው ቁጥር ሲያወጣ የራሱን ስም፣ የትውልድ ቦታውንና የወላጆቹን ስም የሞላበት አንድ ገጽ ነው። ለሟች ማንም መጠየቅ ይችላል፤ ክፍያ አለው። ስትጠይቁ ከኮምፒዩተር የሚወጣውን አጭር ዝርዝር ሳይሆን የዋናውን ማመልከቻ ፎቶ ኮፒ በሉ። የእጅ ጽሑፉ ያለው እዚያ ላይ ነው። የወላጆቹ ስም እንዳይሸፈን ወላጆቹ ማረፋቸውን የሚያሳይ ነገር ካላችሁ አያይዙ።

እስከ 2007 ያረፈ ሰው ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት የብሔራዊ ቤተ መዛግብቱን የመረጃ ቋት እዩ። የሶሻል ሴኩሪቲው «ኑሚደንት» መዝገብ እዚያ በነፃ ይፈለጋል።

የዜግነት የፍርድ ቤት መዝገብ። እስከ ኦክቶበር 1991 ድረስ ዜግነት የሚሰጡት ፍርድ ቤቶች ነበሩ። አባታችሁ ከዚያ በፊት ዜጋ ከሆነ ማመልከቻው በፌዴራል ፍርድ ቤቱ ወይም በብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ክልላዊ ቅርንጫፍ ሊኖር ይችላል። የከተማውን ስምና ዓመቱን ይዛችሁ ጠይቁ።

ካንሳስ ሲቲ። ከተወለዱ 100 ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ኤ-ፋይሎች በየጊዜው ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይተላለፋሉ። አብዛኛው ካንሳስ ሲቲ ነው። ልጆቻቸው ያመጧቸው አያቶች ፋይል እዚያ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ካታሎጉ ላይ በስም ፈልጉ።

የዩኤስሲአይኤስ የዘር ሐረግ ፕሮግራምን ብዙዎቻችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ስሙ ይስባል። ግን የሚሸፍናቸው ኤ-ፋይሎች እስከ 1951 የተከፈቱትን ብቻ ነው፣ ክፍያም አለው። አባታችሁ በ1970ዎቹ ወይም ከዚያ በኋላ ከመጣ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ደረጃ 8፦ ዲጂታል አድርጋችሁ አስቀምጡ

የመጣው ፒዲኤፍ ብዙ መቶ ገጽ ሊሆን ይችላል፣ ቅደም ተከተልም የለውም። ዋናውን እንደመጣ አንድ ቦታ አስቀምጡና አትንኩት። ከዚያ ከቅጂው ላይ ቆራርጡ፤ እያንዳንዱ ሰነድ አንድ ፋይል ይሁን። ስሙን በዓመት ጀምሩ፦ ዓመት፣ ወር፣ የሰነዱ ዓይነት፣ የሰውዬው ስም። እንዲህ ከሆነ ኮምፒዩተሩ ራሱ በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረድርላችኋል። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ቀይራችሁ ጻፉና መጨረሻ ላይ «ዓ.ም. ይህን ነበር» ብላችሁ አክሉ።

ቤት ያሉትን ወረቀቶችም በዚያው ስካን አድርጉ። ለጽሑፍ 300 ዲፒአይ፣ ለፎቶ 600 ይበቃል። በስልክ ከሆነ ፍላሽ አታብሩ፤ መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታበት ቦታ አንሱት። የፎቶዎችን ጀርባ አትርሱ። የፎቶ ቤቱ ማህተም፣ «ለማይረሳሽ እህቴ» የሚለው፣ ቀኑ፣ ሁሉም ያለው ከኋላ ነው። አልበም ላይ የተጣበቀ ፎቶ ካልላቀቀ አታስገድዱት።

ላሚኔት አታድርጉ። ይህን ደግሜ ደጋግሜ እላለሁ። የድሮ የልደት ካርድ «እንዳይበላሽ» ተብሎ በላስቲክ ከታሸገ በኋላ ሙቀቱ ቀለሙን ይበላዋል፣ ማረጋገጫ ማህተምም አይመታበትም። ግልጽ የፕላስቲክ ኪስ ይበቃዋል።

ኮምፒዩተር ላይ የተጻፉ የድሮ የአማርኛ ፋይሎች ካሉ፣ በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በፓወር ግዕዝ ጊዜ የተጻፉት፣ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ይሆናሉ። ፎንቱ ያለበት ኮምፒዩተር ፈልጉና ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አውጡ። ከዚያ ዋናውን ጽሑፍ በዩኒኮድ እንደገና ጻፉት። ጽሑፍ ከምስል የሚያነቡ ፕሮግራሞች የታተመ አማርኛን ይሞክራሉ፤ የእጅ ጽሑፍ ላይ ግን አትመኑባቸው፣ በተለይ ቁጥርና ስም ላይ።

ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፦ አንዱ ኮምፒዩተር ላይ፣ አንዱ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ ወይም ክላውድ ላይ።

ደረጃ 9፦ ከማጋራታችሁ በፊት

የቤተሰቡ ቫይበር ላይ ወይም ፋሚሊሰርች በሚባለው የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይ ከመጫናችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ።

መጀመሪያ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና ኤ-ነምበር ያለበትን ገጽ ሁሉ ሸፍኑ። የሟችም ቢሆን ይሸፈን፤ በሟች ስም የሚያጭበረብር አይጠፋም። ስትሸፍኑ በላዩ ላይ ጥቁር ሳጥን መሳል አይበቃም፣ ሳጥኑ ይነሳል። ገጹን ሸፍናችሁ እንደ ምስል አውጡት።

ሁለተኛ፣ የአሳይለም ወይም የስደት ቃለ መጠይቅ ካለ ለብቻው አስቀምጡት። ማን አሰረው፣ ማን ደበቀው፣ ማን ድንበር አሻገረው የሚለው ሁሉ እዚያ አለ። ስማቸው የተጠቀሰው ሰዎች ወይም ልጆቻቸው ዛሬም አገር ቤት ሊኖሩ ይችላሉ። ይህ ለአደባባይ አይደለም።

ሦስተኛ፣ የቤተሰብ ዝርዝሩን ብቻችሁን አንብቡት። የወንድም ልጅ «ልጄ» ተብሎ ተመዝግቦ፣ ወይም ዕድሜ ዝቅ ብሎ ታገኙ ይሆናል። በሕይወት ያለ ሰው የሚነካ ከሆነ ለማንም ከማሳየታችሁ በፊት ከሰውዬው ጋር ተነጋገሩ፤ የሚያሳስብ ከሆነም ጠበቃ ይታይ። የዘር ሐረጉ ላይ የምትጽፉት ደግሞ ቤተሰቡ የሚያውቀውን እውነት ይሁን፤ ከጎኑ «በፋይሉ ላይ እንዲህ ተመዝግቧል» የሚል ማስታወሻ ይግባ።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

- የሰርቲፊኬቱን ቀይ ቁጥር ኤ-ነምበር ብሎ መሙላት።
- አንድ አጻጻፍና አንድ የልደት ቀን ብቻ ሰጥቶ መጠየቅ።
- ሁለት ወላጆችን በአንድ ጥያቄ ማስገባት። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ጠይቁ፤ የባልና የሚስት ፋይል ተያይዞ አይቀመጥም።
- የአማርኛ የሞት ወረቀት ያለ ትርጉም መላክ።
- «አልተገኘም» የሚለውን ደብዳቤ ተቀብሎ መቀመጥና 90 ቀኑን ማሳለፍ።
- ለደላላ መክፈል። «ውስጥ ሰው አለኝ» የሚል ካጋጠማችሁ፣ እሱም የሚሞላው ይህንኑ ቅጽ ነው፤ በዚያ ላይ የአባታችሁን ሙሉ ማንነት ይዞ ይቀራል።
- ወንድምና እህት ሳይነጋገሩ ለአንድ አባት ለየብቻ መጠየቅ። አንዳችሁ ጠይቁ፣ ስትቀበሉ ለሁሉም ላኩ።